በእንጨት መጠበቂያ ኬሚካል የተበከለን አፈር በአሟሚ ፈሳሽ ማጽዳት

የኤሌክትሪክና የስልክ ምሰሶዎች፣ የባቡር ሐዲድ አግዳሚ እንጨቶችና የድልድይ ተሸካሚዎች ምስጥና ሻጋታ እንዳይበላቸው በኬሚካል ሲነከሩ በኖሩባቸው ግቢዎች፣ ኬሚካሉን የጠጣው እንጨቱ ብቻ አይደለም። ከግፊት ጋን የወጣው እንጨት እየተንጠባጠበ የሚደርቅበት መሬት፣ የመንከሪያው ገንዳ ዙሪያ፣ የአሮጌው ታንከር ሥርና ዝቃጭ ይደፋበት የነበረው ጉድጓድ ሥራው ከቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላም መርዛቸውን እንደያዙ ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን አፈር ቆፍሮ ወደ ሌላ ቦታ ከመውሰድ ወይም እንዳለ ከማቃጠል ሌላ አንድ አማራጭ አለ፤ ይኸውም አፈሩን መርዙን በሚያሟማ ፈሳሽ ደጋግሞ ማጠብ፣ ፈሳሹን አንጥሮ መልሶ መጠቀም፣ በትንሽ መጠን የተሰበሰበውን መርዝም ለብቻው ማስወገድ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአካባቢ መሐንዲሶች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎችና እንዲህ ያለውን ሥራ ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ነው። በግቢው የተበከለ አፈር ያገኘ ግለሰብ ግን አልኮል ወይም ሌላ አሟሚ መሬት ላይ ሊያፈስ ፈጽሞ አይገባውም። አሟሚው መርዙን ከአፈሩ አላቆ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይዞት ይወርዳልና፣ ለዓመታት በአንድ ቦታ ተይዞ የቆየው መርዝ በአጭር ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊጨበጥ የሚገባው ነገር አሟሚ መርዝን እንደማያጠፋ ነው። ከአፈር ወደ ፈሳሽ፣ ከፈሳሽ ወደ ዝቃጭ ያሸጋግረዋል እንጂ አንዲት ሞለኪውል እንኳ አይሰብርም። ስለዚህ ሥራው የሚመዘነው አፈሩ ምን ያህል ነጻ እንደ ወጣ ብቻ በማየት ሳይሆን፣ ከአፈሩ የወጣው እያንዳንዱ ኪሎግራም መርዝ የት እንደ ደረሰ በማወቅ ነው። ለምሳሌ 1,000 ቶን ደረቅ አፈር በአማካይ ፔንታክሎሮፌኖል ከተባለው የእንጨት መጠበቂያ ኬሚካል በኪሎግራም 500 ሚሊግራም ቢይዝ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ መርዝ 500 ኪሎግራም ነው። ሥራው ሲያልቅ እነዚያ 500 ኪሎግራሞች በታጠበው አፈር፣ በዝቃጩ፣ በውሃው፣ ውሃውን በሚያጣራው ከሰልና በተመለሰው አሟሚ ውስጥ ተቆጥረው መገኘት አለባቸው። ይህን የመርዝ ሂሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት እርምጃዎች ሁሉ የሚታሰሩበት ገመድ ነው።

መርዙን መለየት

የእንጨት መጠበቂያ የሚለው ስም በጠባያቸው እጅግ የተለያዩ ኬሚካሎችን ይሸፍናል፤ አሟሚ ከመምረጥ በፊትም በአፈሩ ውስጥ የትኛው እንዳለ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። የግቢውን የቀድሞ ሠራተኞችና የግዢ መዝገቦች መጠየቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በአንድ ግቢ በተለያዩ ዘመናት የተለያየ ኬሚካል ሊሠራበት ስለሚችል የቃል መረጃ የናሙናን ውጤት አይተካም።

ፔንታክሎሮፌኖል ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ፣ በአንድ የቤንዜን ቀለበት (ስድስት የካርቦን አቶሞች ያሉት ቀለበት) ላይ አምስት የክሎሪን አቶሞችን የያዘ ኬሚካል ነው። በ2015 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ረጅም ዕድሜ ያላቸው የኦርጋኒክ መርዞች ዝርዝር ገብቷል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መድቦታል። እንጨት የሚነከረው ብዙውን ጊዜ ኬሚካሉ ናፍጣ በመሰለ ዘይት ውስጥ ሟሙቶ ስለ ነበር፣ አፈሩ ውስጥ የሚገኘው ፔንታክሎሮፌኖል ብቻ ሳይሆን ተሸካሚው ዘይት ጭምር ነው። ዘይቱ መርዙን ይዞ ስለሚቆይ አሟሚው ሁለቱንም የሚያወጣ መሆን አለበት።

ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በማንጠር የሚገኝ ጥቁር ቡናማ ዘይት ሲሆን፣ በ1838 ለእንጨት ማከሚያነት የፈጠራ መብት ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። አብዛኛው ክፍሉ፣ ማለትም 85 በመቶ ገደማ፣ ባለ ብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ናፍታሊን ያሉት ባለ ሁለት ቀለበቶች በቀላሉ ሲወጡ፣ እንደ ቤንዞፓይሪን ያሉት ባለ አምስት ቀለበቶች ከአፈር ጋር አጥብቀው ይያያዛሉ፤ በአደገኛነታቸው የሚብሱትም እነዚሁ ለመውጣት የሚያስቸግሩት ናቸው። ክሪዮሶት ከውሃ ስለሚከብድ ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ሰጥሞ ውሃ በማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ላይ ሊጠራቀም ይችላል፤ ናሙና የሚወስድ ሰው ከላይኛው አንድ ሜትር ብቻ ወስዶ ቢመለስ ዋናውን ክምችት ሳያየው ይቀራል።

ሦስተኛው ቤተሰብ የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሰኒክ ድብልቅ የሆነውና እንጨቱን አረንጓዴ የሚያደርገው ጨው ነው። በዚህ ላይ የኦርጋኒክ አሟሚዎች ምንም አያደርጉም። ብረታ ብረቶቹ በአሲድ ወይም ብረትን በሚያስሩ ኬሚካሎች ይታጠባሉ፤ አለዚያም እንዳይንቀሳቀሱ በሲሚንቶ ወይም በብረት ውሁዶች ይታሰራሉ። በአንድ አፈር ውስጥ ፔንታክሎሮፌኖልና አርሰኒክ አብረው ከተገኙ ሁለት የተለያዩ የማጠቢያ ሂደቶች ማቀድ ግዴታ ነው፤ አንድ ፈሳሽ ሁለቱንም ያወጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ጉዳይ አለ። ለገበያ የሚቀርበው ፔንታክሎሮፌኖል በአመራረቱ ምክንያት ዲዮክሲንና ፉራን የተባሉ መርዞችን በጥቂቱ ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ብዙውን ድርሻ የያዘው ባለ ስምንት ክሎሪኑ ዲዮክሲን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 በከለሰው መመዘኛ ከዋናው መርዘኛ ዲዮክሲን ጋር ሲነጻጸር የተሰጠው ዋጋ 0.0003 ብቻ ቢሆንም፣ ባለ ስድስት ክሎሪኖቹ 0.1 ስለሚመዝኑ ጥቂታቸው ድምሩን ከፍ ያደርጉታል። ዲዮክሲን ውሃ ካለበት አልኮል ጋር የመሄድ ዝንባሌው ከፔንታክሎሮፌኖል እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም ፔንታክሎሮፌኖሉ ከአፈሩ 99 በመቶ ወጣ ማለት ዲዮክሲኑም ወጣ ማለት አይደለም፤ ለብቻው መለካት አለበት።

አፈሩን ማወቅና ማዘጋጀት

ሁለት አፈሮች እኩል መርዝ ይዘው አንዱ በቀላሉ ሊታጠብ ሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ወሳኞቹ የሸክላና የደቃቅ ቅንጣቶች ድርሻ፣ የብስባሽ መጠን፣ እርጥበትና መርዙ በአፈሩ ውስጥ የቆየበት ዕድሜ ናቸው። አሸዋና ጠጠር መርዙን በገጽታቸው ላይ ብቻ ስለሚይዙ ቶሎ ይለቁታል። ሸክላ ግን ብዙ ገጽታ ስላለው ብዙ ይይዛል፤ ከዚህም በላይ ከታጠበ በኋላ ከፈሳሹ ለመለየት ቀናት የሚወስድ ጭቃ ይሆናል። ብስባሽ ደግሞ እንደ ዘይት ሆኖ መርዙን ወደ ውስጡ ይስባል። ለዓመታት የቆየ መርዝ በቅንጣቶቹ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ የሚወጣውም በዝግታ ነው።

ስለዚህ የተቆፈረው አፈር በመጀመሪያ በወንፊት ይለያል። ትልልቁ ድንጋይ ለብቻው ይታጠባል፤ ከ2 ሚሊሜትር በታች ያለው ለአሟሚው ይዘጋጃል። በዚህ ደረጃ የእንጨት ስንጥር፣ ሰጋቱራና ቅርፊት ተለቅመው መውጣት አለባቸው፤ መርዙ የተሠራው እንጨት ውስጥ እንዲቀር ነውና፣ ጥቂት ስንጥር በአንድ ባች (በአንድ ጊዜ በሚታጠብ መጠን) አፈር ውስጥ ከቀረ አፈሩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የላቦራቶሪው ውጤት እንዳልጸዳ ሊያሳይ ይችላል። የተለቀመው እንጨት ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ስለ ሆነ ክብደቱና የመርዙ መጠን ተለክቶ በሂሳቡ ውስጥ ይመዘገባል።

እርጥበቱም ይለካል። ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ውሃ የያዘ አፈር በእያንዳንዱ ኪሎግራም ደረቅ አፈር 200 ሚሊሊትር ውሃ ወደ አሟሚው ይጨምራልና፣ የአልኮሉ ጥንካሬ ይህ ታስቦ ካልተስተካከለ የሚሠራበት ፈሳሽ ከታቀደው የቀጠነ ይሆናል። አፈሩን በፀሐይ ማድረቅ ግን አይመከርም፤ አቧራው መርዙን ይዞ ይበናል።

አሟሚውን መምረጥ

ጥሩ አሟሚ መርዙን በብዛት የሚያሟማ፣ ከአፈሩ በቀላሉ የሚለይ፣ በማንጠር ተመልሶ የሚገኝ፣ በአፈሩ ውስጥ ጥቂት ቢቀር ረቂቅ ተሕዋስያን የሚበሉትና ሠራተኛውን የማይመርዝ ነው። እነዚህን ሁሉ ሚዛን ላይ ስናስቀምጥ ለፔንታክሎሮፌኖል በቅድሚያ ሊሞከር የሚገባው ኢታኖልና ውሃ በእኩል መጠን ገደማ የተቀላቀሉበት ፈሳሽ ነው።

ንጹሕ ኢታኖል መርዙን የበለጠ እንደሚያሟማ እየታወቀ ለምን ውሃ ይጨመርበታል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በአንድ በኩል፣ ውሃ ላይ አልኮል ሲጨመር የመርዙ የመሟሟት አቅም የሚያድገው በቀጥታ መስመር ሳይሆን በብዜት ነው፤ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ የሆነው ድብልቅ ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ኃይሉ እጅግ ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል፣ ውሃው የሸክላውንና የብስባሹን ቅንጣቶች አርሶ ያሳብጣል፤ በዚህም ውስጥ ውስጡን የተደበቀው መርዝ የሚወጣበት መንገድ ይከፈታል። ንጹሕ አልኮል ይህን አያደርግም። ከዚህም ሌላ የግማሽ በግማሹ ድብልቅ ዋጋው ያነሰና የመቀጣጠል አደጋውም ቀለል ያለ ነው፤ ንጹሕ ኢታኖል የሚያቀጣጥል ተን የሚሰጠው ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ሲሆን፣ ድብልቁ ግን ከ24 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። በሞቃት ቀን ግን ሁለቱም ከዚያ በላይ መሆናቸው ሊረሳ አይገባም።

ክሪዮሶት ሲሆን ሁኔታው ይለያል። ባለ ብዙ ቀለበቶቹ ሃይድሮካርቦኖች ውሃ የበዛበትን ፈሳሽ ይሸሻሉና የአልኮሉ ድርሻ ከፍ ማለት አለበት። 85 በመቶ ኢታኖል፣ 10 በመቶ ውሃና 5 በመቶ ፔንታኖል ያለበት ድብልቅ ለእንዲህ ያለው አፈር መነሻ ሆኖ ሊሞከር ይችላል፤ ፔንታኖል ሰንሰለቱ ረዘም ያለ አልኮል በመሆኑ ዘይታማውን መርዝ ለማላቀቅ ይረዳል።

በትላልቅ ሥራዎች ላይ የተሞከሩ ሌሎች አሟሚዎችም አሉ። ትራይኢታይልአሚን ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ ይዋሐዳል፤ ሲሞቅ ግን ከውሃው ተለይቶ ይንሳፈፋል። ይህ ጠባዩ በማቀዝቀዝ አጥቦ በማሞቅ መለየት ስለሚያስችል ለእርጥብ ዝቃጭ ምቹ ነው፤ ሆኖም ሽታው የሚከብድ፣ የሚያቃጥልና በቀላሉ የሚነድ ነው። በግፊት ፈሳሽ የተደረገ ፕሮፔንም ዘይታማ ቆሻሻን ያወጣል፤ ግፊቱ ሲቀነስ በራሱ ወደ ጋዝነት ተመልሶ ከመርዙ ይለያል። ሁለቱም ልዩ መሣሪያና ልምድ ያለው ኦፕሬተር ስለሚፈልጉ ለጀማሪ ቡድን የሚመከሩ አይመስለኝም። ሜታኖል፣ ሄክሴንና ዳይክሎሮሜቴን መርዝን በማሟማት ኃይለኞች ቢሆኑም፣ የመጀመሪያው ዓይንን፣ ሁለተኛው ነርቭን የሚጎዱ ሲሆኑ ሦስተኛው ራሱ ክሎሪን የያዘ አዲስ ብክለት ነው፤ አንዱን መርዝ ለማውጣት ሌላውን ማስገባት ተገቢ አይደለም። ኢታኖሉ እንዳይጠጣ ሌላ ነገር የተጨመረበት ከሆነም የተጨመረው ምን እንደ ሆነ ከሻጩ በጽሑፍ ይጠየቅ።

የፒኤች ጉዳይ

ፔንታክሎሮፌኖል ደካማ አሲድ ነው፤ ፒኤች፣ ማለትም የፈሳሽ አሲድነት ወይም አልካላይንነት መለኪያ፣ 4.7 ገደማ ሲሆን ግማሹ ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው፣ ግማሹ የሌለው ሆኖ ይገኛል። ፒኤች 7 ላይ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ኔጋቲቭ ሙል ይይዛል፤ የሸክላ ገጽታም ኔጋቲቭ ስለ ሆነ ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ መርዙም ወደ ፈሳሹ ይወጣል። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ14 ሚሊግራም ገደማ በላይ የማይሟሟው ኬሚካል የሶዲየም ጨው ሲሆን በሺህዎች እጥፍ የበለጠ ይሟሟል። በዚህ ምክንያት ወደ አልኮልና ውሃው ድብልቅ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሮ ፒኤቹን ከፍ ማድረግ በብዙ አፈሮች ላይ ውጤቱን ያሻሽላል። ክፉ ጎኑ ብስባሹ አብሮ እየሟሟ ፈሳሹን ጥቁር ማድረጉና ሸክላው ተበትኖ ለመዝቀጥ እምቢ ማለቱ ነው። ብስባሽና ሸክላ በበዛበት አፈር ላይ ከፒኤች ጥቅም ይልቅ ይህ ችግር ሊያመዝን ይችላል። ከክሪዮሶት ውስጥ ያሉት ሃይድሮካርቦኖች ደግሞ አሲድ ስላልሆኑ በፒኤች ለውጥ ምንም አይጠቀሙም።

በጠርሙስ መሞከር

አንድ ቶን አፈር ከመንካት በፊት በ20 ግራም መሞከር ይቅደም። ከግቢው ከተለያዩ ቦታዎች የተወሰደውን አፈር ለየብቻ በመስታወት ጠርሙስ ይጨምሩና 100 ሚሊሊትር አሟሚ ያድርጉበት፤ ክዳኑ በቴፍሎን የተለበጠ ይሁን፣ ፕላስቲክ መርዙን ስለሚመጥ ውጤቱን ያዛባል። ጠርሙሶቹን በመወዝወዣ ላይ ያድርጉና ከ15 ደቂቃ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ4 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ አንዳንዱን አውጥተው ፈሳሹንም አፈሩንም ይለኩ። ከ1 ሰዓት በኋላ የሚወጣው መጠን ብዙም ካልጨመረ በማሽኑ ላይ ከዚያ በላይ መቆየት አያስፈልግም፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ እየጨመረ ከሄደ ግን መርዙ በቅንጣቶቹ ውስጥ የሰረገ ስለ ሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ወይም ለስለስ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

ሙከራው የሚሠራው ከራሱ ከግቢው በመጣ አፈር መሆን አለበት። ንጹሕ አፈር ላይ መርዝ ጨምሮ በማግሥቱ ማጠብ ሁልጊዜ ያማረ ውጤት ይሰጣል፤ ዓመታት የቆየውን አፈር ግን አይወክልም። በየሙከራው አፈር የሌለበት አንድ ጠርሙስና ቢያንስ ሦስት ድግግሞሽ ይኑር።

ስንት ዙር ማጠብ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የመሟሟት ኃይል ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ አፈሩ እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚያስቀረው ፈሳሽ አለ፤ በእኔ አመለካከት በዕቅድ ወረቀቶች ላይ በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ነው። 1 ኪሎግራም ደረቅ አፈር 1,000 ሚሊግራም ፔንታክሎሮፌኖል ይዟል እንበል፤ 5 ሊትር አሟሚ ተጨምሮበት መርዙ ሙሉ በሙሉ ሟሟ፤ ፈሳሹ ሲጨለጥ ግን 0.3 ሊትሩ በአፈሩ ውስጥ ቀረ። የፈሳሹ መጠነ ይዘት በሊትር 200 ሚሊግራም ስለ ሆነ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ 60 ሚሊግራም መርዝ አለ ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ሌላ 5 ሊትር ንጹሕ አሟሚ ቢጨመር የሚቀረው 3.4 ሚሊግራም፣ በሦስተኛው 0.19 ሚሊግራም ይሆናል። እንግዲህ አሟሚው ፍጹም እንኳ ቢሆን በአንድ ዙር ከ94 በመቶ በላይ አይወጣም። ጨምቆ ማውጣት የሚችል ማጣሪያ ወይም ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በማሽከርከር ፈሳሹን ከአፈሩ የሚለይ መሣሪያ) መግዛት አንዳንድ ጊዜ የተሻለ አሟሚ ከመፈለግ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሥራው መግባት

በማሽን ደረጃ ሥራው በተዘጋ ማደባለቂያ ጋን ውስጥ ይካሄዳል። አፈሩና አሟሚው ከተደባለቁ በኋላ አፈሩ እንዲዘቅጥ ይተዋል፣ ፈሳሹ ይቀዳል፣ አፈሩ ይጨመቃል፣ ቀጣዩ ዙርም ይከተላል። አሟሚን ለመቆጠብ ፈሳሹና አፈሩ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲጓዙ ይደረጋል፤ አዲሱ አሟሚ መጀመሪያ የሚነካው ለሦስተኛ ጊዜ የሚታጠበውን፣ ማለትም ሊጸዳ የተቃረበውን አፈር ነው፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ በመጨረሻም ገና ወደ ገባው ቆሻሻ አፈር ይሄዳል። በዚህ መንገድ በጣም የተሞላው ፈሳሽ ብቻ ወደ ማንጠሪያው ይላካል።

ከመጨረሻው ዙር በኋላ በአፈሩ ውስጥ የቀረውን አልኮል ማውጣት ያስፈልጋል። በኪሎግራም 0.3 ሊትር ፈሳሽ ቢቀርና ግማሹ ኢታኖል ቢሆን፣ በ1,000 ቶን አፈር ውስጥ 150,000 ሊትር ኢታኖል ተቀበረ ማለት ነው፤ ይህ ገንዘብ ከመሆኑም በላይ የእሳት አደጋ ነው። አንድ ዙር በንጹሕ ውሃ ማጠብና ከዚያ ለብ ባለ ናይትሮጅን ወይም በእንፋሎት ማናፈስ አብዛኛውን ይመልሳል። ጥቂት የሚቀረውን ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ ይበሉታል፤ ሲበሉት ግን የአፈሩን ኦክሲጅን ስለሚጨርሱ ክምሩ አየር እንዲያገኝ መገላበጥ አለበት።

አሟሚውን መመለስና መርዙን መሰብሰብ

የተሞላው ፈሳሽ ሲነጠር ኢታኖል በ78 ዲግሪ አካባቢ ስለሚተን ቀድሞ ይወጣል፤ መርዙ ከውሃው ጋር ከታች ይቀራል። እዚህ ላይ የፒኤች ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በአሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ፔንታክሎሮፌኖል በጥቂቱ ከእንፋሎቱ ጋር ሊያመልጥ ስለሚችል፣ በማንጠር ጊዜ ፈሳሹ አልካላይን ሆኖ መርዙ በጨው መልክ እንዲቀር ይደረጋል። አልኮሉ ወጥቶ ካለቀና ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ፒኤቹ በአሲድ ከ4 በታች ይወርዳል፤ መርዙም እንደ ደቃቅ ዝቃጭ ይወርድና በማጣሪያ ይያዛል። የቀረው ውሃ አሁንም በሊትር እስከ 14 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.009 ሚሊግራም ስለ ሆነ፣ ይህ ውሃ አክቲቬትድ ካርቦን በተባለው ልዩ ከሰል ውስጥ ሳያልፍ የትም ሊለቀቅ አይችልም።

የማንጠሪያው ጋን እስኪደርቅ ድረስ እንዲፈላ ፈጽሞ አይፈቀድ። የፔንታክሎሮፌኖል ጨው ደርቆ በከፍተኛ ሙቀት ሲጋል ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ባለ ስምንት ክሎሪኑን ዲዮክሲን ይፈጥራሉ፤ አፈር ለማጽዳት የተጀመረ ሥራ አዲስ ዲዮክሲን አምርቶ ይጨርሳል ማለት ነው። ግፊቱን ቀንሶ በዝቅተኛ ሙቀት ማንጠርና ከታች ሁልጊዜ በቂ ፈሳሽ መተው ይህን ይከላከላል።

የተመለሰው ኢታኖልም እንደ ንጹሕ ተቆጥሮ በቀጥታ ወደ ሥራ አይገባም። ከተሸካሚው ዘይት ቀለል ያሉት ክፍሎች ከአልኮሉ ጋር እየተነኑ በየዙሩ ይጠራቀማሉና በየጊዜው ይመርመር፤ ውሃ ሲጨመርበት ከደፈረሰ ዘይት አለበት።

የተሰበሰበው ዝቃጭና የተሞላው ከሰል ክሎሪን ያለበትን አደገኛ ቆሻሻ ለማቃጠል ወደ ተፈቀደለት ተቋም ይሄዳሉ፤ በእንዲህ ያለ ምድጃ የሚጠበቀው 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ቢያንስ የ2 ሰከንድ ቆይታ ነው። በተራ ምድጃ፣ በጡብ ማቃጠያ ወይም በሜዳ ላይ ማቃጠል ዲዮክሲንን ወደ አየር መልቀቅ ነው። ዝቃጩን የሚቀበል ተቋም በውል ሳይገኝ ሥራውን መጀመር በእኔ እምነት ስህተት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ተበትኖ የነበረው መርዝ በበርሜል ተሞልቶ ባለቤት ሲያጣ አደጋው ይብሳል።

ሠራተኛውን መጠበቅ

ፔንታክሎሮፌኖል በቆዳ በኩል ይገባል፤ አልኮል ሲኖር ደግሞ በበለጠ ፍጥነት ይገባል። በሰውነት ውስጥ ሕዋሳት ከምግብ የሚያገኙትን ኃይል ወደ ሙቀት እንዲለውጡት ስለሚያደርግ የተመረዘ ሰው ያተኩሰዋል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል። በሙቀት ቀን በተዘጋ የመከላከያ ልብስ የሚሠራ ሰው ይህን ከተራ ድካም ጋር ሊያምታታው ይችላልና፣ የሰውነት ሙቀት በየዕረፍቱ ይለካ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ትኩሳቱን ለማውረድ አስፕሪን መስጠት ክልክል ነው፤ አስፕሪን ራሱ ተመሳሳይ ጉዳት ያባብሳል። ሰውየውን ከሥፍራው አውጥቶ ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ሰውነቱን በውሃ ማቀዝቀዝና ኬሚካሉን በስም ጠቅሶ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ጓንቱ ቡታይል ጎማ ቢሆን ይመረጣል፤ ስስ የሕክምና ጓንት መከላከያ አይደለም።

ከእሳት በኩል፣ የኢታኖል ተን በአየር ውስጥ ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከአየር ስለሚከብድም በጉድጓድና በወለል ላይ ይተኛል። ሞተሮቹ ብልጭታ የማያወጡ፣ ጋኖቹና ቱቦዎቹ ከመሬት ጋር በሽቦ የተያያዙ፣ በጋኑ ውስጥ ያለው አየርም በናይትሮጅን የተተካ ይሁን። የተን መለኪያው ከወለሉ አጠገብ ይተከል እንጂ ጣሪያ ላይ አይሰቀል።

ማረጋገጥ

የታጠበ እያንዳንዱ ባች ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ቦታ ተወስዶ በተደባለቀ ናሙና ይመረመራል። ላቦራቶሪው መርዙን ከአፈሩ የሚያወጣው በሶክስሌት መሣሪያ (አሟሚን እያተነነና እያቀዘቀዘ ናሙናውን ደጋግሞ በሚያጥብ የላቦራቶሪ ዕቃ)፣ በአሴቶንና ሄክሴን እኩል ድብልቅ፣ ከ16 እስከ 24 ሰዓት አፍልቶ ቢሆን ይመረጣል፤ ላቦራቶሪው ለመመርመሪያ የሚጠቀመው ከእኛ ማጠቢያ የበለጠ ኃይል ያለው ካልሆነ፣ እኛ ማውጣት ያልቻልነውን እርሱም ሳያየው ይቀራል። ፔንታክሎሮፌኖል በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን ወደ ክፍሎቹ ለይቶ በሚለካ ዘዴ)፣ ባለ ብዙ ቀለበቶቹ በተመሳሳይ መሣሪያ ወይም በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ፣ ዲዮክሲን ደግሞ ከፍተኛ የመለየት አቅም ባለው መሣሪያ ይለካል። ከጠቅላላው መጠን በተጨማሪ አፈሩ ውሃ ቢነካው ምን ያህል መርዝ እንደሚለቅ የሚያሳይ ሙከራ ይደረግ፤ አልኮል የቀረበት አፈር ከጠቅላላው ይዘቱ አንጻር ከሚጠበቀው በላይ ሊለቅ ይችላል።

የየባቹ ሂሳብ የሚዘጋው ውጤቶቹ ሲደመሩ ነው። ከገባው መርዝ 80 በመቶው ብቻ ከተገኘ ቀሪው 20 በመቶ በማንጠሪያው ግድግዳ ላይ ተጋግሮ፣ በአረፋው ውስጥ ተሳፍሮ፣ ከእንፋሎቱ ጋር አምልጦ ወይም በደቃቁ ሸክላ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ100 በመቶ ብዙ ካለፈ ደግሞ የመጀመሪያው ናሙና የአፈሩን ትክክለኛ ይዘት አላሳየም። በሁለቱም ሁኔታ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ቀጣዩ ባች ወደ ጋኑ አይጫንም፤ የታጠበው አፈርም በተሸፈነ ወለል ላይ ይቆያል እንጂ ወደ ጉድጓዱ አይመለስም።